ቶሎ የሚቀልጠው ፊውዝ

ሙሳ ሱቁን የከፈተው በ1963 ዓ.ም. ነበር፤ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ጥግ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ጋር ተጣብቆ። አባቱ ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ሶፊ በሚባለው ገጠር ጫት ያመርታሉ። እሱ ድሬዳዋ ወርዶ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ተመለሰ። ራዲዮ፣ ማራገቢያና ካውያ ይጠግናል። ብዙ አይናገርም።

ሰዐዲያ መጀመሪያ የመጣችው ካውያ በጨርቅ ጠቅልላ ነው። አባቷ አው ዐብዱልጀሊል መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የታወቁ ሰፊ ናቸው። እሳቸው የሰፉትን እሷ ቤት ውስጥ ትተኩሳለች። ካውያው ከጣልያን ጊዜ የቀረ ነበር። ሲግል ራሱን የሚያቆምበት ነገር የለውም፤ ካልነቀሉት እየጋለ ይሄዳል።

ሙሳ የተበጠሰውን ሽቦ ቀጠለ። ካውያውን ግን አልመለሰላትም። የት እንደምትተኩስ ጠየቃት። መደብ ላይ ነው አለች። ግድግዳውስ? ግድግዳውማ እንደ ማንኛውም የጁገል ቤት ከላይ እስከ ታች ሰፌድና ሙዳይ የተሰቀለበት ነው።

«ደረቅ ሣር ነዋ» አለ።

ከመሳቢያው የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ በሁለት ጫፏ ሽቦ የወጣላት ነገር አወጣ። ፊውዝ ናት። ሙቀቱ ከልኳ ሲያልፍ ውስጧ ይቀልጥና ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። አንዴ ከቀለጠች አትመለስም፤ ሌላ መተካት ነው። የምትችለው ሙቀት ላይዋ ተጽፏል። ሙሳ ሁለት ዓይነት ነበረው። ለካውያው ብዙ ሙቀት የምትችለውን መረጠ። ሌላይቱ ገና ጥጥ ሲተኮስ፣ ሥራው ሳያልቅ ትቀልጣለች አላት።

ሰዐዲያ እጁን እያየች ቆመች። በእርሳስ አልበየዳትም፤ ካውያው ሲግል እርሳሱ ይለቃል። የሽቦዎቹን ጫፎች በትንሽ የመዳብ ቱቦ አስገብቶ በጉጠት ጨመቃቸው። ከዚያ ፊውዟን ከሚግለው ብረት ጀርባ ጋር አጣብቆ አሰራት። ራቅ ካለች አትሠራም አለ፤ ብረቱ እየነደደ እሷ ቀዝቅዛ ትቀመጣለች።

«እንደ አንዳንድ ሰው» አለች ሰዐዲያ።

ሙሳ ቀና አለ። ፊቷ አልሳቀም። ዐይኗን ግን ቶሎ አልመለሰችም።

ከዚያ ወዲያ የጎረቤት ማራገቢያ ይዛ መጣች። ቀጥሎ የአክስቷን ራዲዮ አመጣች። እሱ ይሠራል፤ እሷ ቆማ ታያለች። አንዳንዴ ስለ አባቱ የጫት ማሳ ትጠይቀዋለች። በመጨረሻ የሚበላሽ ነገር አለቀባት። አንድ ቀን ካውያውን መልሳ አመጣች።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ፊውዟን ለውጥልኝ። ቶሎ የምትቀልጠውን አድርግ።»

ሙሳ ካውያውን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ሥራ ታስፈታሻለች።»

«የምተኩሰው እኔ። ሥራ የምፈታው እኔ። አንተ ምን ቸገረህ አቦ? ወይስ መምጣቴን ጠላህ?»

ሙሳ ጉጠቱን አነሣ።

ከዚያ በኋላ ካውያው በየጊዜው መቀዝቀዝ ጀመረ። ሰዐዲያ አንዳንዴ ሥራዋን ጨርሳ፣ ሆን ብላ ሳትነቅል ትተወዋለች። ፊውዟ ትቀልጣለች። በማግስቱ ጠቅልላው ወደ ፈረስ መጋላ ትሄዳለች። ስትደርስ ሙሳ ፊውዟን አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሲቀይርም አይቸኩልም።

በዓመቱ ሙሳ ሽማግሌ ላከ። አባቱ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ከሶፊ መጡ። አው ዐብዱልጀሊል በክብር ተቀበሏቸው፤ ምግብ አቀረቡ፤ የዝናቡን ሁኔታ ጠየቁ። ጉዳዩ ሲነሣ ግን መልሳቸው አጭር ነበር።

«ልጅዎ ጨዋ ነው፤ ሰምቻለሁ። ልጄን ግን ከግንቡ ውጭ አልድርም። አባቶቻችንም አላደረጉት።»

የሙሳ አባት አመስግነው ተነሡ።

አው ዐብዱልጀሊል ስለ ካውያው ያሰቡት እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ነው። የሰፈሩ ካውያ ሁሉ ሳይበላሽ ይሠራል፤ የእሳቸው ብቻ በየሳምንቱ ፈረስ መጋላ ይመላለሳል። ልጃቸውን ከድርን ጠሩና ካውያው ከእንግዲህ ሱቅ እንዳይሄድ አድርግ አሉት። እህትህ እንዳትሰማ ብለው አስጠነቀቁት። ከድር ካውያውን ፈታ። ፊውዟን አውጥቶ በቦታዋ የመዳብ ሽቦ አሰረ። ካውያው ወዲያው ጋለ። ከድር እንደ ተሠራ ቆጠረው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰዐዲያ እየተኮሰች ሳለ የአፎቻው፣ የሰፈሩ ሴቶች ዕድር፣ መልእክት መጣ፤ ማዶ ያሉ አንዲት አሮጊት ሞተዋል። የአፎቻ ሴት ለቅሶ ከተጠራች ድስት እሳት ላይ ትታ ትሄዳለች፤ ልማዱ ነው። ሰዐዲያ ካውያውን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሻሿን አነሣች። ሶኬቱን አየችው። አልነቀለችውም። ፊውዟ ራሷ ትቆርጠዋለች፤ ነገ ሙሳ ጋ እሄዳለሁ ብላ አሰበች። አባቷ ንዳድ ይዟቸው ፎቅ ተኝተዋል።

ጢሱን ከፈረስ መጋላ አዩት። ሙሳም አየ። የየት ቤት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ሮጠ። በጠባቧ መንገድ ውኃ በባልዲ ሲቀባበሉ ደረሰና መሐል ገባ። የድንጋዩ ግድግዳ አልወደቀም። በላዩ የነበረው ሰፌድ አንድም አልተረፈም። አው ዐብዱልጀሊልን ደረጃው ላይ አገኟቸው።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የአፎቻው ሴቶች ከአንዱ ለቅሶ ተነሥተው ወደ ሌላው ሄዱ። ሰዐዲያ ከእነሱ ጋር እየተራመደች ነበር የማን ቤት እንደ ሆነ የገባት።

የሐዘኑ ጊዜ ሲያልፍ አንድ ጠዋት ሱቁ መጣች። በጨርቁ የጠቀለለችው ያንኑ ካውያ ነው፤ ከስሏል። እንዲከፍተው ጠየቀችው። ሙሳ ከፈተ። በፊውዟ ቦታ የመዳብ ሽቦውን አየ። ጉጠቱን አስቀመጠ።

«ማን ነው?»

«ከድር። አባቴ አዞት። ወላሂ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ እያለቀሰ ነገረኝ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ትክክለኛዋ ፊውዝ ብትሆን ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር።»

«ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

«አስገባ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ይስቃል። ሙሳ ካውያውን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለአጎቶችሽ ሽማግሌ ልላክ ወይ አላት።

«አባቴ እንቢ ብሎ ነበር» አለች። «አሁን እንቢ የሚል የለም። ለዚህ ነው የማይሆነው።»

ካውያውን ትታው ወጣች።

በ1966 ከድር ቤቱን አሳደሰ። የአባቱን የስፌት መኪና ይዞ መኪና ግርግር ተቀመጠ። አንድ ቀን አዲስ ካውያ ይዞ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰላምታ ሰጠ። ዐይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ፣ ሰዐዲያ ትክክለኛዋን ፊውዝ አድርግ ብላለች አለ።

ሙሳ መሳቢያውን ሳበ። ብዙ ሙቀት የምትችለውን አወጣ። በቱቦ አስገብቶ ጨመቀ፤ ከብረቱ ጋር አጣብቆ አሰራት፤ ካውያውን ገጥሞ ሰካው፤ እስኪግል ጠበቀና በጥሩ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው።

ካውያው ተመልሶ አልመጣም።