የሲባጎ መረብ

እናንተ ልጅ ያላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለት ልጆች ወልዳችሁ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ወድደው፣ ያ ነገር ግን ለአንዷ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? ለማን ታዝናላችሁ? ለማንስ ደስ ይላችኋል? በአሜሪካ፣ በነብራስካ ግዛት፣ በበቆሎ ማሳዎች መካከል የሚኖሩት የኩቸራ ቤተሰቦች ይህ ጥያቄ ደጃፋቸውን እስኪያንኳኳ ድረስ ሳቅ ከቤታቸው ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

አባትየው ሌላንድ ገበሬ ነው። ሲስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እናትየው ሮዝሊን ግን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ በረዶ ይወርዳል ብላ የምትጨነቅ ሴት ናት። ታላቋ ልጃቸው ሎሬል ረጋ ያለች፣ ታናሿ ብሪን እሳት የላሰች ናት። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ሌላንድ ትራክተሩ በሚያድርበት መጋዘን ውስጥ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሮ የመረብ ኳስ ሜዳ ሠራላቸው። ጣሪያው ዝቅተኛ ስለነበር ከፍ ያለች ኳስ ሁሉ ወራጁን መትታ ትመለሳለች። ያን ጊዜ አባታቸው ከተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ “ጣሪያ!” ብሎ ይጮኻል። ሁለቱ እህትማማቾች ኳስን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ጥይት አፍጥነው ማቀበል የለመዱት በዚያ መጋዘን ነው። ሁለቱም አመቻች ሆኑ፤ ማለትም ኳሷን በሁለተኛው ንክኪ ተቀብለው መቺዋ እንድትመታት የሚያዘጋጁ። አንድ ቡድን የሚያሰልፈው ደግሞ አንድ አመቻች ነው... ወይ ይህን ያን ጊዜ ያሰበ ቢኖር!

ሎሬል ኮሌጅ ገብታ ስትጫወት ሌላንድ ጥቂት ጨዋታዋን ብቻ ነበር ያየው። መረብ ኳስና የበቆሎ መከር አንድ ሰሞን ይመጣሉ፤ በቆሎ ደግሞ ለሴት ልጅ ጨዋታ ብሎ አይጠብቅም። “ግድ የለም ልጄ፣” ይላት ነበር በስልክ፣ “የመጨረሻውን ዓመትሽን በቆሎው ቢበሰብስም አይቀርብኝም። ቃሌ ነው።”

ብሪን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስታጋምስ የሎሬል አሰልጣኝ ቤታቸው ድረስ መጥታ አየቻት። “ሎሬል ስትመረቅ ቦታዋ ያንቺ ነው” አለቻት። ብሪን እዚያው ጓሮ ውስጥ ዘለለች! ዶሮዎቹ ተበተኑ! ሌላንድም የአሰልጣኟን እጅ ጨበጠ። በማግስቱ ብሪንን ሲፈልጉ ለነበሩት የሌሎች ኮሌጆች አሰልጣኞች ራሱ እየደወለ “ልጄ ቃል ሰጥታለች፤ ሌላ ፈልጉ” አላቸው። በእኛ አገር አንድ ሰው በሬ ለመሸጥ እጅ ከጨበጠ በኋላ ሌላ ገዢ አያነጋግርም።

“ምነው ሌላንድ፣ አንዱን እንኳ ብትተወው?” አለችው ሮዝሊን። “የተፈረመ ነገር እኮ የለም።”

“እጅ ጨብጫለሁ ሮዝ። ከዚያ በላይ ምን ፊርማ አለ?”

ወዲያው ኮሮና የሚሉት ያ ክፉ በሽታ ዓለምን ዘጋው። ሌላንድን የያዘው በመከር ማግስት ነው። ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ሳቅ በሆስፒታል መስኮት ውስጥ ታፈነ። ሮዝሊንና ልጆቿ ከውጭ፣ ብርዱ ላይ ቆመው በመስታወት እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር። እርሱ ግን እጁን የሚያነሳበት አቅም አልነበረውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጣ! ነገር ግን የወጣው አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተክሎ፣ አምስት እርምጃ ሄዶ የሚያርፍ ሰው ሆኖ ነው። በበሽታው ምክንያት ከመከር ወዲያ የተገፋውን የመጨረሻ ዓመት ጨዋታዋንም ሎሬል በባዶ አዳራሽ ተጫወተች። ተመልካች ተከልክሏልና በሩ ላይ ቁልፍ ነበር። ሌላንድ ቃሉን ሊጠብቅ ቢፈልግም የሚገባበት በር አልነበረም። አንድ አባት ልጁን ለማየት በበቆሎ ሲከለከል ኖሮ፣ በመጨረሻው ጊዜ በተቆለፈ በር ይከልከል?

በዚህ ሐዘን መካከል አንድ የምሥራች መጣ። በሽታው ጨዋታቸውን ላበላሸባቸው የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው! ከሁሉ በላይ የጮኸችው ብሪን ነበረች። “አብረን ልንጫወት ነው! እማዬ፣ ሰማሽ? አንድ ማሊያ ልንለብስ ነው!” እያለች እናቷን በወጥ ቤቱ አሽከረከረቻት። ሮዝሊን ኮላቼ የሚባል የፕሪም ጣፋጭ ዳቦ ጋገረች። ጎረቤታቸው ቨርነን ሁለት አንስቶ “ሁለት ኩቸራ በአንድ ሜዳ? ተጋጣሚዎቹ ከመኪናቸው ባይወርዱ ይሻላቸዋል” ብሎ አሳቃቸው።

ኮላቼው ሳያልቅ አሰልጣኟ ደወለች።

“ብሪን፣ እህትሽ ልትመለስ ነው። ሌሎቹም ትልልቆቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ስትደክም የምትተካት አመቻችም አለችኝ። የምሰጥሽ ማሊያ የለኝም... በጣም አዝናለሁ።”

ብሪን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሚደወልለት ሌላ አሰልጣኝ አልነበረም። በሩን ሁሉ አባቷ በገዛ እጁ፣ በቅን ልቡ ዘግቶታል። ሌሎቹም ቡድኖች ቢሆኑ በዚያው ደንብ ሞልተዋል። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሎሬል ቤት መጣች። ብሪን ደጃፍ ላይ ጠበቀቻት።

“አራት ዓመት ተጫወትሽ እኮ! አልጠገብሽም?”

“ብሪን፣ ስሚኝ...”

“ዓመቴን ነው የወሰድሽው! የገዛ እህቴ!”

ሎሬል አፏን ከፈተች፤ ወደ እናቷ አየች፤ መልሳ ዘጋችው። ሮዝሊን ከሁለት ዓይኖቿ በየትኛው ታልቅስ? ሐኪሙ ስለ ሌላንድ የተናገረውን የሚያውቁት እናትና ታላቅ ልጅ ብቻ ነበሩ። “ሳንባው ጠባሳ ብቻ ሆኗል። የሚመጣውን መከር ያያል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልዋሻችሁም...” ብሏቸው ነበር። ሎሬል ተጨማሪዋን ዓመት የፈለገቻት ለራሷ አልነበረም፤ አባቷ ቃሉን ይፈጽም ብላ ነው። ሮዝሊን ደግሞ “ብሪን ልጅ ናት፣ ትምህርቷን ትጨርስ” ብላ ነገሩን ደበቀች። ወይ የእናት ጭንቀት! ልጅን ከእሳት ለማዳን ስትሮጥ ስንት ጊዜ ራሷ እሳቱን ትጭራለች?

ብሪን ያን ቀን ወደ መጋዘኑ ሄደች። የአባቷን ሰንጢ ይዛ ያን የልጅነቷን ሲባጎ ከመሀሉ ቆረጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ሌላንድ ከአልጋው ጠፋ። ሮዝሊንና ብሪን እየሮጡ ሲፈልጉ መጋዘኑ ውስጥ አገኙት። ባልዲው ላይ ተቀምጦ፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣ የተቆረጠውን ሲባጎ ሊቋጥር ይታገላል። አንድ ዙር ያዞራል... ያርፋል... ደግሞ ያዞራል።

“አባዬ!” ብላ ብሪን እግሩ ሥር ወደቀች። “እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እኔ ነኝ!”

“አውቃለሁ። አይጥ እንዲህ አስተካክላ አትቆርጥም” አላት እየሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሮዝሊን ከዚህ በላይ አልቻለችም። “ለአንተ ብላ ነው የተመለሰችው!” ብላ ጮኸች። “ሎሬል ለአንተ ነው! ሐኪሙ እኮ...” ቀሪውን እንባ ወሰደው። ብሪን ከእናቷ ፊት ወደ አባቷ ፊት አየች፤ ሳይነግሯት ገባት።

ሌላንድ ግን አልደነገጠም። “ሮዝ፣ የምተነፍሰው በዚህ ሳንባ እኮ ነው። ሐኪሙ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ብለሽ ነው?” አለ። ከዚያ የብሪንን ራስ ዳሰሰ። “ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ። ቃሌን ለመጠበቅ ብዬ ያንቺን በር ሁሉ ዘጋሁት። ነይ፣ ይህችን ጫፍ ያዢልኝ።”

አባትና ልጅ ሲባጎውን አብረው ቋጠሩት።

ሎሬል ከበሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። “ለአሰልጣኟ ደውዬ ቦታዬን እለቃለሁ” አለች።

“ከለቀቅሽ ዕድሜ ልኬን አላናግርሽም” አለች ብሪን።

“አሁንስ መቼ እያናገርሽኝ ነው?”

ብሪን እያለቀሰች ሳቀች። ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ሮዝሊንም ሁለቱን አቀፈች። ያን ጊዜ ነው ብሪን ያንን ነገር ያሰበችው። ሊቤሮዋስ? ሊቤሮ ማለት የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ለብሳ ከኋላ መስመር የምትከላከል፣ ኳስ መሬት እንዳትነካ የምትወድቅ የምትነሳ ተጫዋች ናት። ልትመለስ የነበረችው የኮሌጁ ሊቤሮ ከሰሞኑ የነርስነት ሥራ አግኝታ ተጨማሪውን ዓመት እንደተወችው ሎሬል ነገረቻት። ብሪን እዚያው ደወለች።

“ሊቤሮ ያስፈልገኛል” አለች አሰልጣኟ። “አንቺ ግን አመቻች ነሽ።”

“ጣሪያው ዝቅተኛ በሆነ መጋዘን ነው ያደግሁት። ኳስ ሁሉ ወደ መሬት ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን ብቻ ይዩኝ!”

“በልምምዱ መጀመሪያ ቀን ነይ። ቃል ግን አልገባልሽም።”

“ባይገቡልኝ ይሻላል” አለች ብሪን፤ ሌላንድ ከባልዲው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ።

እንዴት ያለ በጋ ነበር! ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ በጩኸት ይሞላል። ሎሬል ትመታለች፤ ብሪን ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ክርኗ ተላጠ፤ ጉልበቷ አበጠ። ሌላንድ ተቀምጦ ኳስ ይወረውራል፤ ሲደክመው ሮዝሊን ትወረውራለች። “ሮዝ፣ ልጆቹ እዚህ ናቸው፤ ትራክተሩን ለምን ትደበድቢዋለሽ?” ይላታል። ትስቃለች፤ ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን ትጠርጋለች። ብሪን የፈተናዋ ቀን ከእርሷ ቀድመው ከመጡት ሁሉ ይልቅ ብዙ ኳስ መሬት ሳይነካ አነሳች። አሰልጣኟም ያን የተለየ ቀለም ማሊያ ወረወረችላት።

መከርም ደረሰ፤ ጨዋታም ደረሰ። በቆሎው ደርቆ ቆሟል፤ ሌላንድ ደግሞ የማጨጃው መኪና ላይ መውጣት አይችልም። አንድ ጠዋት ግን መንገዱ በአቧራ ተሸፈነ። የአካባቢው ገበሬዎች ሁሉ ማጨጃቸውን እየነዱ መጡ! የራሳቸውን በቆሎ ትተው በሌላንድ ማሳ ገቡ። ቨርነን ከላይ ሆኖ “አንተ ሰውዬ፣ ገና እዚህ ነህ?” ብሎ ጮኸ። “ሂድ ልጆችህን እይ! በቆሎህ እንደሆነ ከአንተ ይልቅ እኔን ይወዳል!” ሌላንድ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

ያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሌላንድ ከሮዝሊን ጋር ከሜዳው ዳር፣ ጠርሙሱን ከጎኑ አድርጎ ተቀመጠ። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተያይዞ ሄደ፤ አንድ ነጥብ ቀረ። የተጋጣሚው ቡድን መቺ በኃይል መታች። ሎሬል ተወርውራ ኳሷን መሬት ሳትነካ አነሳቻት፤ ግን ወደቀች! አመቻቿ ወድቃ ማን ሊያመቻች? ሎሬል ከወደቀችበት በሙሉ ድምፅዋ “ጣሪያ!” ብላ ጮኸች። አዳራሹ ውስጥ የዚያን ቃል ምስጢር የሚያውቁት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ብሪን ከኋላ መስመር ሮጠች፤ በዚያ በሰፊው አዳራሽ፣ ጣሪያው ሰማይ በሚያክልበት ቦታ፣ ኳሷን እንደ መጋዘኑ ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ጥይት አፍጥና አቀበለች። መቺዋ መታች... ኳሷ ከመረቡ ማዶ መሬት ነካች!

አዳራሹ ፈነዳ! ሁለቱ እህትማማቾች ግን ወደ ጓደኞቻቸው አልሮጡም። ወደ ሜዳው ዳር ሮጡ። ሌላንድ ቆሞ ነበር። ያለ ማንም ድጋፍ ቆሞ ነበር! ሊጮህ ፈለገ፤ ትንፋሽ አልነበረውም። እጁን ብቻ ወደ ላይ አንስቶ ጣሪያውን አሳያቸው።

ሌላንድ የሜዳቸውን ጨዋታ አንድም ሳይቀርበት አየ። መከሩ ካለቀ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ካበቃ በኋላ በቤቱ፣ በሦስቱ ሴቶች መካከል፣ እንደ ደከመው ገበሬ ጸጥ ብሎ አንቀላፋ። ሮዝሊን አለቀሰች፤ ግን ስታለቅስ እንኳ “ቃሉን ፈጸመ፣ ቃሉን ፈጸመ” ትል ነበር።

ዕድል የምትሰጠውን ስትነሳ፣ የነሳችውን ስትሰጥ ማን ሊከለክላት ይችላል? አንድ ዓመት ጨምራ ቦታ ነሳች፤ በነሳችው ቦታ ደግሞ ሁለቱን እህትማማቾች ጎን ለጎን አቆመች። ሲባጎው ዛሬም በመጋዘኑ ተወጥሯል። መሀሉ ላይ ትልቅ፣ ያልተስተካከለ ቋጠሮ አለው። ብሪን አዲስ ልቀይረው ብትል ሮዝሊን እሺ አትልም። ሌላው ሲባጎ በየቦታው ሳስቷል፤ ያ የተቋጠረው ቦታ ግን እስካሁን አልላላም።