ከፋሲካ ወዲህ የተቀዳችው ድምፅ

ሐዲስ ቁስቋም ባለው ስቱዲዮው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። የማይክራፎኑ ብረት ማቆሚያ ደም ነክቶታል፤ አጠገቡ የአዛውንቱ አዝማሪ የአያ ጌታው አሮጌ ማሲንቆ ወድቋል። ፖሊስም ሳይውል ሳያድር ሽማግሌውን አሰረ። ኢንስፔክተር ምንዳዬ ግን ችኩል ነገር የማይዋጥላት ሴት ናት፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብላ ከጎረቤቲቱ ከወይዘሮ ዝናሽ ጀመረች።

«ማዶ ሰርግ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ። «እዚህ ደግሞ ማሲንቆው ረዘም አድርጎ አለቀሰና ዝም አለ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ተጨቃጨቁ፤ ከሰርጉ ጫጫታ ድምፃቸው አይለይም። ቀጥሎ ሐዲስ ጮኸ።»

«አያ ጌታውን አዩዋቸው?»

«ምን ማየት ያሻል ልጄ? በዚህ ሰፈር ከእሳቸው በቀር ማሲንቆ የሚመታ ማን አለ?»

ሰርገኞቹ ስለ አያ ጌታው ሲጠየቁ «እዚህ ይዘፍኑ ነበር፤ ይወጡ ይገቡም ነበር» ከማለት አላለፉም። ሽማግሌው ራሳቸው ትንፍሽ አላሉም። ምንዳዬን ያንገበገባት ይኸው ነው፤ ዝም ባሉ ቁጥር ዕድሜያቸው በእስር ቤት ሊያልቅ ነው።

የሐዲስ ባልደረባ ነጋ ግን ተናጋሪ ነው።

«ሁዳዴን ሙሉ የአያን ማሲንቆ ስንቀዳ ከረምን፤ መሣሪያው እዚሁ ይቀመጣል። የትም አገር ያለ ሰው በኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲነካ የእሳቸው ድምፅ እንዲወጣለት ነው። ሐዲስ ለዓለም ከማጋራቱ በፊት እየፈተሸው ነበር።»

«ምነው በሁዳዴ?»

«በጾም ከበሮ የለ፣ ሰርግ የለ። ሰፈሩ ጭጭ ይላል። እኔ ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ደጅ አልደረስሁም።»

ሲናገር የግራ እጁ ጣቶች በወንበሩ እንጨት ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ምንዳዬ ልብ አለችው። እሱ ሲሄድ የሐዲስን ማዳመጫ አጥልቃ፣ ሟቹ የጀመረውን ፍተሻ ቁልፍ በቁልፍ ቀጠለች። አንዷ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

በማግስቱ ሦስቱንም ስቱዲዮው ሰበሰበቻቸው፤ አያ ጌታው በካቴና መጡ። ምንዳዬ አንድ ቁልፍ ነካች። ማሲንቆ ብቻ ተሰማ።

«ጸጥ ያለ ነው፤ የሁዳዴ ነው። አሁን ይችን ስሙ።»

ማሲንቆው ረዘም አድርጎ አለቀሰ። ከኋላው ከበሮ ይመታል፤ በከበሮው ላይ የአያ ጌታው ድምፅ በሰርጉ ድንኳን ማጉያ «የትነበርሽ፣ የኔ ሸጋ» ይላል።

«የትነበርሽማ የዚያን ዕለት ሙሽራ ናት» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ አፋቸውን ይዘው።

«አዎ። ሐዲስ ሲፈትሽ አንዷ ድምፅ ተበላሽታ አገኛትና የሚደግምለት ሰው ጠራ። የሁዳዴን ጸጥታ የለመደ ጆሯቸው ከኋላ ያለውን ሳያጣራ ቀዷት። እርስዎ ከጭቅጭቁ በፊት የሰሙት ይህችን ነው። አያ ጌታው ያን ጊዜ ማዶ ይዘፍናሉ። ታዲያ እዚህ ማን መታ?» ወደ ነጋ ዞረች። «ጣቶችህ ሥራቸውን መደበቅ አያውቁም።»

ነጋ ጣቶቹን አጥፎ ጨበጠ።

«አያ ሲደክማቸው ገሚሱን የመታሁት እኔ ነኝ። የተጻፈው ግን የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ሐዲስን የኔንም ጻፍ ብለው ‹አንተ እኮ ጣት ብቻ ነህ› አለኝ። ብረቱን ሳነሳ አላወቅሁም።»

ምንዳዬ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈታች።

«ምነው ዝም አሉ አያ? ሰርግ ላይ ነበርሁ ማለት አቃተዎ?»

«ማሲንቆ ተሰማ ሲባል ማን እንደሆነ አወቅሁት። በዕድሜዬ ያስተማርሁት አንድ እሱን ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ እሱ ቢተርፍ ሙያዬ ይተርፋል ብዬ ነው።»

ነጋ እስካሁን አላለቀሰም ነበር፤ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ አያ ጌታው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።