የካዛንቺሱ ሦስተኛው ሴንሰር

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን እዛው ነበርኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም፣ ካዛንቺስ።

ሩሐማ እባላለሁ። ከእጮኛዬ ከፍሬአብ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምንሠራው። አዲስ አትክልት ለሚተከልበት ቦታ የትኛው የአፈር እርጥበት መለኪያ እንደሚሻል እያወዳደርን ነበር።

ሦስት ዓይነት ሴንሰር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርን።

ከጄሶ የተሠራው... ደረቅ አለ።

ውሃ የሚሞላው ቱቦም... ደረቅ።

በገመድ ከስልኬ ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ግን ውሃ ውስጥ የተነከረ ያህል ያነብ ነበር።

"በቃ ተበላሽቷል" አልኩት።

"ቆይ ልየው" ብሎ ወረደ።

አፈሩን ዘግኖ አሳየኝ። በጣቶቹ መሃል እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

ከዛ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ አስጠጋ።

"ሩሐ..." አለኝ በሹክሹክታ። "እዚህ ውስጥ ሴት እያለቀሰች ነው።"

ጉድጓዱ ተደረመሰ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጉድጓዱን የቆፈረልን የእስካቫተር ሹፌር፣ ነጋሳ፣ ሮጦ መጣ።

"በማሽን አይሆንም! ይቆርጠዋል!" አለ።

በእጃችን ቧጠጥን። ጥፍሬ ተነቀለ። "እመብርሃን... እመብርሃን..." እያልኩ ቆፈርኩ።

ስልኬን አየሁት። የሦስተኛው ሴንሰር ቁጥር ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል... ከፍ... ዝቅ...

ልክ እንደ ትንፋሽ።

"ፍሬ!" ብዬ ተጣራሁ።

ቁጥሩ ዘለለ።

"አለ! በሕይወት አለ! ሴንሰሩን ይዞታል!"

ገመዱን ተከትለን ቆፈርን። ሴንሰሩን አገኘነው።

ብቻውን ነበር። ዙሪያው ደረቅ አፈር። ማንም አልያዘውም።

ቁጥሩ ግን አሁንም ይተነፍሳል።

እዛው ተንበርክኬ ቀረሁ። አለቀ አልኩ።

"እዚህ ጋ! ጫማ!" አለ ነጋሳ፣ ከወዲያኛው ጥግ።

ተጋግዘን ጎትተን አወጣነው።

አፈሩ አቧራ ነው። ፍሬአብ ግን ከፀጉሩ እስከ ጫማው በስብሷል። ጣቶቹ ውሃ ውስጥ እንደዋለ ሰው ተጨማደዋል።

ዓይኑን ገለጠ።

"እሷንስ አወጣችኋት?" አለኝ።

"ማንን?"

"እጄን የያዘችውን..."

ይሄ ከሆነ ወራት አለፉ። ሐኪሞቹ ምንም የለበትም አሉ። ሥራም ገብቷል።

ትናንት አብረን ከኦሎምፒያ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከፍሬአብ በስተግራ አንድ ቦታ ክፍት ነበር። አንዲት እናት ሊቀመጡ ሲሉ በእጁ ከለከላቸው።

"ይቅርታ እማማ፣ ተይዟል።"

ሴትዮዋ ወንበሩን አዩ። ከዛ እኔን አዩኝ።

ባዶ ነው።

ከጫፉ ግን ውሃ ይንጠባጠባል... ጠብ... ጠብ...