ከጨረቃ ጋር የሚያወራው ጽዋ

የተሰወረውን የሚያውቅ፣ ዘመናትን በእጁ የያዘ እግዚአብሔር ያየው ነገር ነው፤ የሀገራችን ልጆች እርስ በርሳቸው በሚዋጉበት ወራት፣ በሰው አገር፣ በሶማሌላንድ ሀርጌሳ ሆነ።

«ይህቺን! መጀመሪያ ይህቺን የጽዋውን ክፍል እናውጣት!» ኤልሚ ጠረጴዛውን መታ። ጅግጅጋ ተምሮ ያደገ፣ «ጅግጅጋ ያር» በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ስቱዲዮ ያለው ፕሮዲውሰር ነው።

የዐሥራ አምስት ዓመቷ ኪዳናዊት ከጓደኛዋ ከጸደንያ ጋር በስልክ የቀረጹትን ተከታታይ ቀልድ ይዛ፣ ፕሮዲውሰር ፍለጋ ብዙ በር አንኳኩታለች። በየክፍሉ አንድ የፈጠራ ሴራ ይጋለጣል። የሀርጌሳ ፍየሎች ካርቶን የሚበሉት ማስረጃ ለማጥፋት ነው። ማኅበርተኞች በየወሩ ከቤት ወደ ቤት የሚያሸጋግሩት፣ በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ደግሞ ሬዲዮ አለበት፤ ከጨረቃ ጋር ያወራል።

«ጨረቃን ተይና ግንባር በዪ» አለ ኤልሚ። «ለጦር ግንባር ወሬ ያቀብላል። ዋላሂ፣ ሰው ሁሉ ያየዋል!»

«በፍየሎቹ ብንጀምርስ?»

«ያለ እሷ እኔ የለሁበትም። ነገ ንገሪኝ።»

ከስቱዲዮው ሲወጡ ጸደንያ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ፣ አበድሽ እንዴ? ስንቱ እምቢ ብሎን! ቀልድ እኮ ነው፤ ማን ያምነዋል?»



በማግሥቱ እሑድ፣ ለጸሎት በሚሰበሰቡበት የኪራይ ክፍል፣ ጽዋውን የመረከብ ተራ የእትዬ ውድነሽ ነበር። የትውልድ መንደራቸው ከጦሩ ግንባር ማዶ ነው። ተረኛውን እስከ ቤቱ አጅቦ መሸኘት የማኅበሩ ወግ ቢሆንም፣ ያን ቀን አንዱ ሥራ አስታወሰ፣ ሌላው ጫማውን ፈለገ። «እዚያ ቤት ምን እንደሚወራ ማን ያውቃል?» የሚል ሹክሹክታ ከበሩ ተሰማ። እትዬ ውድነሽ ጽዋውን አቅፈው ብቻቸውን ቆሙ።

በሩ አጠገብ ከጸደንያ ጋር የቆመችው ኪዳናዊት ስልኳ ጮኸ። ኤልሚ ነው።

«ጨረቃዋ በግንባር ካልተቀየረች እሺ፤ ካለዚያ ይቅር» አለችው። ኤልሚ ስልኩን ዘጋው። ጸደንያ ፊቷን አዞረች።

ኪዳናዊት ሁለት እጇን ዘረጋች። «እትዬ፣ ልያዝልዎት። እስከ ሚኒባሱ ድረስ አብረን እንሂድ።»

እትዬ ውድነሽ ጨርቁን አስተካክለው አቀበሏት። የጨረቃዋን ቀልድ በኪዳናዊት ስልክ ቀድመው አይተው ስቀውበት ነበር።

«ቀስ ብለሽ ያዢው፣ ልጄ» አሉ። «እዚያ ላይ ያሉት ይሰሙናል።»

ጥቂት እንደ ሄዱ ከኋላቸው የጸደንያ ኮቴ ተሰማ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን እግዚአብሔር ከክፉ ወሬ ይጠብቅልህ፤ እንግዳም ሳቅም አይታጣበት።