ወፎቹን የያዘ እጅ

አክሱማዊት ኖላዊን መጀመሪያ ያገኘችው ዳላስ አጠገብ ባለችው በግሬፕቫይን ከተማ፣ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። ነጭ ቫን አጠገብ ቆሞ ወደ ባሕር ዳርቻ አብረዋት የሚጓዙትን ሰዎች ቦርሳ ይጭናል። እሷ ዳላስ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ የምትሠራ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ይደነቃቀፍባታል። ሐበሻ መሆኑን ስታይ ደስ ብሏት እጇን ዘረጋችለት።

«ሃይ፣ ስምሽ ማነው?»

ኖላዊ ሳይስቅ ጨበጣት።

«ኖላዊ እባላለሁ። ወንድ ነኝ።»

ከእፍረቷ የተነሳ እስከ ሂውስተን ድረስ ቀና ብላ አላየችውም።

ጉዞውን የሚያዘጋጁት ጋሽ ኃይለ መስቀል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። በወር አንድ ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞች ሰብስበው ወደ ቦሊቫር የባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ። ፕሎቨር የምትባል ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ በመረብ ይይዙና እግሯ ላይ ባለቀለም ቀለበቶች ያስሩላታል። የቀለሞቹ አደራደር ለእያንዳንዷ ወፍ የተለየ ነው። ከዚያ በየወሩ በቴሌስኮፕ ቀለሞቹን እያነበቡ የትኛዋ እንዳለች፣ የትኛዋ እንደጠፋች ይመዘግባሉ።

ኖላዊ ከአዲስ አበባ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ዳላስ አቅራቢያ ዩለስ በምትባል ከተማ ይኖራል፤ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል። ቡድኑ ውስጥ የገባው ቫኑን እንዲነዳ ተጠይቆ ነበር። ወፍ ሲይዝ ካዩት በኋላ ግን ጋሽ ኃይለ መስቀል ሌላ ሰው እንዲይዝ አልፈቀዱም። እጁ ውስጥ የገባች ወፍ መንፈራገጧን ትታ ጸጥ ትላለች። እሱ ይይዛል፣ አክሱማዊት ቀለበቱን ታስራለች፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተው። በአራተኛው ወር ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር የእሷ ሆነ። ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን መቁጠር መጀመሯን ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ነገር ብቻ አይገባትም ነበር። ቴሌስኮፑ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ «አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልጻፍ» ይላታል።

ግንቦት ላይ እሷ የሥራ ሽፍት ደርሶባት ቀረች፤ ሁለት ሰዎችም ታመው አልመጡም። ጋሽ ኃይለ መስቀል የዳርቻውን አንድ ጫፍ ኖላዊ ብቻውን እንዲመዘግብ ሰጡት። ሰኞ ዕለት አክሱማዊት ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ እያስገባች ሳለ አንዷ ወፍ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያቺ ወፍ መጋቢት ላይ ሞታ ተገኝታለች፤ ቀለበቶቹን ከእግሯ የፈታችው ራሷ አክሱማዊት ነበረች። ኖላዊ ግን «አለች፣ ሦስት እንቁላል ታቅፋለች» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ያሉት ሦስት መስመሮች ደግሞ ለየትኛዋም ወፍ ያልታሰሩ ቀለሞች ናቸው።

ወዲያው ኮል አደረገችለት።

«ኖላዊ፣ እዛ ሄደህ ነው ወይስ ቫን ውስጥ ተቀምጠህ ነው የጻፍከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ማለቴ... በዚህ ዳታ ነው ጎጆ ያለበትን ቦታ ለመኪና የሚዘጉት። ዋሽተሃል?»

«ሥራውን አበላሽቻለሁ። ይቅርታ» አለና ዘጋው። በማግስቱ ለጋሽ ኃይለ መስቀል ሌላ ሾፌር እንዲፈልጉ ነገራቸው።

አክሱማዊት ሳምንቱን ሙሉ ተናደደች። ይበልጥ ያናደዳት እሱን ማመኗ ነበር። ቅዳሜ ጋሽ ኃይለ መስቀል ፎቶዎቹን እንድታወርድ የቡድኑን ካሜራ ሰጧት። ኖላዊ ያን ቀን ያነሳቸው ከመቶ በላይ ነበሩ። አሸዋ ላይ በሆዱ ተኝቶ እንዳነሳቸው ያስታውቃል። «አለች» ብሎ የጻፋት ወፍ ከእንቁላሎቿ አጠገብ ቆማለች። እግሯ ላይ ካሉት ቀለበቶች አንዱ አረንጓዴ ነው፤ እሱ ቀይ ብሎ ጽፎታል። ቀጥላ ሌሎቹን አየች። ቢጫና ሰማያዊ ላይ አንድም አልተሳሳተም። ቀዩን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ቀይ ነበር የሚለው።

የዛኑ ቀን ዩለስ ሄደች። ኖላዊ ከሥራ ሲመለስ አፓርታማው ደጃፍ ቆማ አገኛት።

«ቀይና አረንጓዴ ይምታታብሃል?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ቀስ እያለ ነገራት። አዲስ አበባ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሁለት ዓመት ተምሮ ነበር። በዓይን ምርመራ የሽቦ ቀለም እንደማይለይ ሲታወቅ አሰናበቱት። ያጫት ልጅ ደግሞ ነገሩን ለጓደኞቿ ቀልድ አደረገችው፤ ባገኙት ቁጥር የቀሚሳቸውን ቀለም ይጠይቁትና ይሳሳቁበት ነበር። መኪና ሲነዳ የትራፊክ መብራቱን የሚለየው ከላይ ወይም ከታች መብራቱን አይቶ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺም እንድትስቂብኝ አልፈለግኩም።»

«ሶ፣ ውሸታም ነው ብዬ ባስብ ይሻልሃል?»

«የሚሻለኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «አምስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

እንባዋ መጣ። «ይቅርታ አድርግልኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፈረድኩብህ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ስትይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍ በመካከላቸው አልነበረችም።

መዝገቡን ከፎቶዎቹ እያዩ አብረው አስተካከሉት። ሦስቱን እንቁላል የታቀፈችው ሌላ ወፍ ነበረች። ቦታው በጊዜ ታጠረ፤ ከሦስቱ እንቁላል ሁለቱ ተፈለፈሉ። ኖላዊም ቡድኑ ፊት ቆሞ ቀለም እንደማይለይ ራሱ ተናገረ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ኃይለ መስቀል ብቻ፣ እሳቸውም አንድ ጆሯቸው ከደነቆረ ሃያ ዓመቱ እንደሆነና ሲነዳ የሚያወራላቸውን ግማሹን ሳይሰሙ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እንደኖሩ ነገሩት።

ጥቅምት ላይ እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ወደ አክሱማዊት ወላጆች ቤት ሄዱ። እሷ መኝታ ቤት በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። አባቷ ልጁ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን እንደተወለደ ጠየቁ። ሁሉም ሲመለስላቸው ጋሽ ኃይለ መስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ንገሩልኝ ብሎ አደራ ብሎኛል። ቀይና አረንጓዴ አይለይም።»

አባቷ ወደ እሳቸው ጠጋ አሉ።

«ይሄን አስቀድሞ እንዲነገረን የላከው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። ይሄ ሳይነገር ሽማግሌ አልልክም አለ።»

«እንግዲያው ልጄን ይዋሻታል ብዬ አልሰጋም» አሉ አባቷ። «ቀኑን እንቁረጥ።»

አክሱማዊት ከበሩ ሥር ሆና ስልኳን አወጣች። ኖላዊ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«እሺ ብለዋል» አለችው።