ዝናብ ያልነካው ጥላሸት

ልደታን! አንዲት ቃል ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ይዛግ። የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ካላመናችሁኝ ጌጃ ሰፈር ወርዳችሁ ያገኛችሁትን ጠይቁ፤ «አልሰማሁም» የሚላችሁ ካለ ውሸታሙ እሱ ነው።

የግንቦት ልደታ ዕለት ማምሻውን የጣለውን ዝናብ ታስታውሱታላችሁ? አንድ ሚኒባስ ታክሲ ሞተሩ ጠፍቶ ከጠመንጃ ያዥ እስከ ልደታ በጎርፍ ላይ እየተንሳፈፈ ሲሄድ፣ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ልደታ! ልደታ! አንድ ሰው!» ይል ነበር። ያን የመሰለ ዝናብ ነው። ይህን ዝናብ ያዙልኝ፤ ነገሩን ሁሉ ያወጣው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጌጃ ሰፈር ውስጥ አቶ ወልደአማኑኤል አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሱ ጡረተኛ ነበሩ። ብርድ ልብሳቸው አልተዛነፈም። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ፣ ከሰርግ ቤት ገብተው ጋደም ያሉ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። ከአልጋው ግርጌ ከበርሜል የተሠራ የብረት ምድጃ አለ፤ ሆዱ ውስጥ አመድ የለበሰ ፍም ገና ሙቀት ነበረው።

ኢንስፔክተር ኮከቤ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ኮከቤ አጭር ሴት ናት፤ ግን አፍንጫዋ ውሸትን ከሁለት ፌርማታ ያሸታል ይባላል። መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። ያየችው እንዳለችን ነው፤ ሽማግሌውን የምትጦረው ሠራተኛ እጇ በካቴና ታስሮ የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ማን ነው ያሰራት?» አለች ኮከቤ።

«እኔ ነኝ» አለ ኮንስታብሉ። «የሟች የእህት ልጅ ገዳይዋ እሷ ናት ብሎ ስለጠቆመ...»

«ጣት የቀሰረ ሁሉ አዛዥህ ነው?»

የእህት ልጁ ሰላሁን ዘሎ መሐል ገባ። ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ጎልማሳ ነው፤ ከአጎቱ ጋር አንድ ግድግዳ ብቻ በሚለየው ክፍል ይኖራል። «ፍም አስገብታ ገደለችው!» ብሎ ጮኸ። «ያ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ከጭስ ማውጫው ላይ ቆቡን ነቅሎ ወሰደ፣ እሷ ፍሙን አስገባች፤ ሁለት ሆነው አጎቴን ጨረሱት!»

«እናትሽ ባልወለደችሽ!» ብላ አንዲት ሴት እንዳለች ላይ ምራቋን ተፋች። ሌሎቹም «ነፍሰ ገዳይ!» አሉ።

ኮከቤ ጥርሷን ነክሳ ወደ ውስጥ ገባች። የዛሬዋ ቁጣዋ የዛሬ ብቻ አልነበረም። በየክረምቱ ከሰል ይዞ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ስታነሣ ኖራለች፤ በየለቅሶውም «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲባል ሰምታለች። ቀን አይገድልም።

ምድጃውን ዞራ አየችው። የጭስ ማውጫ ቱቦው ከምድጃው ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ሰላሁን ክፍል ይገባል፤ እዚያ ወደ ላይ ታጥፎ በጣራው ይወጣል። አንዱ እሳት ሁለት ክፍል እንዲያሞቅ የታሰበ ዘዴ ነው። ምድጃው ሳይሰነጠቅ፣ መጋጠሚያው በደንብ ተመትቶ ሳለ ይህ ሰው እንዴት ሞተ?

እንዳለችን አስጠራቻት።

«ካቴናው ያማል?»

«እሱስ ይቻላል እትዬ። ጋሼን ገደልሽ መባሉ ነው የማይቻለኝ። ዕድሜ ልክ ብታሰር እናቴን ማን ይጦርልኛል?»

«ትናንት ምን ሆነ?»

«ግንቦት ልደታ አይደል? ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ይበላል። ቀኑን ሙሉ ሥራችን እዚያ ሦስት ጉልቻ ላይ ነበር፤ ምድጃው አልተነካም። ማምሻውን ዝናቡ መጣ። እሳቱ በዝናብ ከሚሞት፣ ጋሼም በረደኝ ሲሉ፣ ፍሙን ዝቄ ምድጃው ውስጥ አደረግኩት። ቱቦ አለው ብዬ እኮ ነው!»

«ሌላ ቀን ምን ታነጂበታለሽ?»

«እንጨት። ፍም አስገብቼበት አላውቅም።»

«መስኮቱስ?»

«ገርበብ አድርጌው ነበር። ብርድ ገባ ብለው ራሳቸው ዘጉት።»

«ሌሊት የሰማሽው ነገር አለ?»

«የምተኛው ማድቤት ነው፤ ሌሊት ከዝናብ በቀር ምን ይሰማል? ሲነጋጋ ግን፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጣራው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ድመት መሰለኝ።»

«ቆርቆሮውን የሚያጎብጥ ድመት?»

እንዳለች ቀና ብላ ጣራውን አየች። «ከባድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ቆይቶ ነው ሰላሁን የጮኸው።»

ቀጥሎ ቤርሳቤህ መጣች፤ በሽማግሌው ሌላኛው ግድግዳ በኩል የምትኖር ተከራይ ናት። ከምድጃው ጋር የከረረ ጠብ እንዳላት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«አዎ፣ ተጣልቻለሁ!» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ነጭ ልብስ አጥቤ ባሰጣሁ ቁጥር ጥላሸት ይዘንብበታል። ‹ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ የባቡር ሹፌር ነዎት ወይ?› ብያቸዋለሁ። ለዚህ ግን ሰው አይገደልም! ትናንት ደግሞ ጭስ የሚባል አልወጣም፤ ጥላሸት ሳይነካው የደረቀው ነጠላዬ ያው።»

«በግድግዳው በኩል ድምፅ ይሰማል?»

«ሲያስነጥሱ ‹ይማርዎት› የምለው እኔ ነኝ።»

«ያንኮራፋሉ?»

«እሳቸው? አንድ ቀን አንኮራፍተው አያውቁም። ዛሬ ንጋት ላይ ግን የሆነ ገርገር የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ቧንቧ መስሎኝ ተኛሁ።» ድንገት ፊቷ ተለወጠ። «ምነው? ቧንቧ አይደለም እንዴ?»

ኮከቤ ሰላሁንን አስጠራች።

ሰላሁን ሲገባ ሁለቱን ጆሮ ግንዱን ይዞ ነበር። «ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አለ።

«ትናንት ጠጥተህ ነበር?»

«አልጠጣም። ሐዘኑ ነው።»

«አጎትህን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ማለዳ። በሩን ገፋ ሳደርገው ያንኮራፋ ነበር። በሰላም ተኝቷል ብዬ በሩን መለስኩት። በኋላ ስመለስ ሞቷል። እስከ ማለዳ ደህና ነበር ማለት ነው፤ ምን እንዳደረገችው እሷን ጠይቋት።»

«እጠይቃታለሁ» አለች ኮከቤ። «እስከዚያ ክፍልህን ልየው።»

ክፍሉ ንጹሕ ነው። መስኮቱ መስተዋት የለውም፤ በመጋረጃ ብቻ ተሸፍኗል፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል። ቱቦው በሚታጠፍበት ክርን ሥር ፍራሹ ላይ ጥቁር እድፍ አለ፤ ውኃ ከጥላሸት ጋር ያንጠባጠበው እድፍ። እድፉ ደርቋል። ከጎኑ ሳፋ ተቀምጧል፤ ሳፋውም ጠብታ የለበትም።

ኮከቤ እድፉን በጣቷ ነካችው፤ ሳፋውን አየች፤ ቱቦውን አየች። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመው ሰው ዞረች። መሐሙድ ይባላል፤ ጠመንጃ ያዥ ሱቅ ያለው ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ምድጃውን የሠራው እሱ ነው። በስሙ እየተጮኸ መሆኑን ሰምቶ ራሱ መጥቷል።

«ቆቡን ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ። ዝገት በልቶት ነበር፤ አዲስ ልሠራለት ከትናንት በስቲያ ነቀልኩት። ጋሼን ግን አደራ ብያቸዋለሁ፤ ‹ዝናብ ቢገባ ይግባ፣ ሳፋ ያድርጉበት፣ ቱቦውን ግን ማንም እንዳይደፍን› ብዬ። ወላሂ ብያለሁ!»

«ማን ነበር ቤት?»

«ከጋሼ በቀር ማንም። እንዳለች ገበያ ወጥታ ነበር። ሰላሁን ሥራ ላይ።»

«ከግቢው ሆኖ ቆቡ መኖር አለመኖሩ ይታያል?»

«የውኃ ታንከሩ ይጋርደዋል። ጣራው ላይ ያልወጣ ሰው አያየውም።»

«ይህቺስ መክደኛ?» አለች የቱቦውን ክርን እያሳየች።

«ጥላሸቱ የሚጠረግባት ናት። ካልተጠረገ ቱቦው ይታነቃል። እንዳለች ሳታሰልስ ትጠርጋለች፤ እሷን የመሰለ ደንበኛ የለኝም።»

ኮከቤ መክደኛዋን አዙራ ከፈተችና እጇን ከተተች። ስታወጣው መዳፏ ላይ ጥላሸት ነበረ። እፍ አለችው፤ እንደ ዱቄት ቦነነ።

ሳቀች። እሷ ስትስቅ ነው የሚፈራው።

ሁሉንም ግቢው ውስጥ፣ ንፍሮ የተቀቀለበት ሦስት ጉልቻ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ኮንስታብሉን ወደ ጣራው ላከችው።

«ትናንት ማታ መኪና የሚያንሳፍፍ ዝናብ ዘንቧል» ብላ ጀመረች። «ቱቦው ቆብ የለውም። እንግዲያው ዝናቡ በቱቦው መውረድ፣ ጥላሸቱን ማቡካት፣ ሳፋውን መሙላት ነበረበት። እኔ ግን ጥላሸቱን ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ለምን?»

«ተደፍኖ ነበራ!» አለ መሐሙድ ሳያስበው። ከዚያ ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! ተደፍኖ ነበር!»

«ተደፍኖ ነበር። አሁን ግን ክፍት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከዝናቡ በፊት ደፍኖታል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከፍቶታል። እንዳለች ንጋት ላይ ጣራ ላይ የሰማችው ድመት ይህ ሰው ነው። ማን ነው? ቆቡ መነሣቱን የሚያውቅ። ቤርሳቤህ፣ ታውቂ ነበር?»

«ከየት አውቄ!»

«እንዳለች?»

«አላወቅኩም እትዬ። ባውቅ ሳፋ አደርግ ነበር።»

«ሰላሁን ግን ገና በሩ ላይ ስደርስ ‹ቆቡን ነቅሎ ወሰደ› ብሎ ጮኸብኝ።»

«አጎቴ ነገረኝ!» አለ ሰላሁን።

«እሺ፣ ነገረህ። ከነገረህማ አብሮ ‹እንዳይደፈን› ብሎሃል። ከትናንት በስቲያ ዝናቡ በቱቦው ወርዶ ፍራሽህን አበላሸው። ሳፋ አስቀመጥክ፤ ሳፋ መድፋት ሰለቸህ። በበዓሉ ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወጥተህ ደፈንከው። በሌላ ቀን ቢሆን እንዳለች እንጨት ስትለኩስ ጭሱ ተመልሶ ቤቱን ይሞላ፣ ሁሉም እያሳለ ይወጣ ነበር። ትናንት ግን የንፍሮ ቀን ነው፤ ምድጃው አልነደደም። ማታ የገባው ፍም ነው፤ ፍም ደግሞ አያጨስም። ሐኪሞች ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ይሉታል፤ ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ወደ አንተም መጥቶ ነበር፤ የተሰበረ መስኮትህ አተረፈህ። የያዘህ ራስ ምታት የሐዘን አይደለም።»

በዚህ መሐል ኮንስታብሉ ከጣራው ጮኸ። ከታንከሩ ሥር የተወሸቀ ነገር አውጥቶ ወደ ታች ወረወረው፦ በፌስታል የተጠቀለለ ሹራብ፤ በአንድ ጎኑ ዝናብ የጠጣ፣ በሌላው ጥላሸት የለበሰ።

«የሰላሁን ሹራብ!» አለች ቤርሳቤህ። «ገመድ ላይ ከልብሴ ጋር ሲሰጣ ስንቴ አይቼዋለሁ!»

ሰላሁን መሬቱን አየ። «ሆን ብዬ አይደለም» አለ። «ዝናቡን ብዬ ነው። ፍም እንደምታስገባ በምን አውቃለሁ? አደጋ ነው!»

«መድፈንህ አደጋ ነው» አለች ኮከቤ፤ ድምጿ ወረደ። «ስንፍና ነው፣ በየቤቱ አለ። እሱን እንኳ ዳኛ ያይልህ ነበር። ንጋት ላይ ግን ራስህ እየዞረ ነቃህ፤ የአጎትህን በር ገፋ አደረግክ፤ ፍሙን አየህ፤ ገባህ። ያ የሰማኸው ማንኮራፋት አልነበረም። እሳቸው አንኮራፍተው አያውቁም፤ አብረህ ኖረህ ይህን ታጣለህ? ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ነበሩ። እስትንፋስ ነበራቸው!»



«ቱቦውን ልከፍትለት ነው የወጣሁት» አለ ሰላሁን። «አየር እንዲያገኝ...»

«በሩ በእጅህ ነበር!» ጮኸችበት። «በሩ! ከፍተህ ብትጎትታቸው ደጁ አየር ነው። አንተ ግን በሩን መልሰህ ዘጋህ፤ መሰላል አቁመህ ጣራ ወጣህ። ጣራው ላይ የነበረው የአጎትህ ነፍስ ነው ወይስ ያንተ ሹራብ? ወርደህም ገና ‹ኡኡ› ሳትል የምታሳስራትን መርጠህ ነበር።»

ሰላሁን ቁጭ አለ።

ካቴናው ከእንዳለች እጅ ወልቆ እሱ እጅ ላይ ገባ። መሐሙድ አዲሱን ቆብ ከሱቁ አምጥቶ ሲገጥመው ዕንባው ቆርቆሮው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጠዋት የተፋችባት ሴት፣ «ነፍሰ ገዳይ» ያላት ሁሉ፣ ኮንስታብሉም ሳይቀር፣ ተራ በተራ እንዳለች ጉልበት ላይ ወድቀው «ይቅር በይን» አሏት።

እንግዲህ መጀመሪያ ስለማልሁ ሳልጨርስ ልናገር፤ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሚኒባሱ እንዳይመስላችሁ፤ ሚኒባሱ ተንሳፍፏል። የፈጠርኳት ይቅርታዋን ነው። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። እንዳለች ካቴና የላጠውን አንጓዋን እያሻሸች ገባች፤ አመዱን ከምድጃው ዝቃ አወጣች፤ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ያ ሁሉ ሰው ደጅ ቆሞ ስለ ዝናቡ ያወራ ነበር።