ለጋሼ የተገዛው ቢጫ ጓንት

ፌንጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች። ቤታቸው ከችግኝ ጣቢያው አጥር ጋር የተጣበቀ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው። ምሳዋን ጠረጴዛ ላይ ጀምራ አጥር ላይ ነው የምትጨርሰው።

አብሯቸው የሚኖረው የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ እሷ “ጋሼ” የምትለው፣ የችግኝ ጣቢያው አትክልተኛ ነው። ልጆች፣ ይሄ ሰው ግዙፍ ነበር ስላችሁ እመኑኝ። ቤት ሲገባ “ይቅርታ” ብሎ ጠጋ የሚልለት በሩ ነበር። እጁማ! አንዱን መዳፉን ቢዘረጋው ይሄ ክፍል ሙሉ ልጅ ከዝናብ ይጠለልበታል። አንቺ እዚያ ጋ፣ አትሳቂ። ትንሽ ነው የጨመርኩት።

የጋሼ ሥራ ጽጌረዳ ነው። ጽጌረዳ ደግሞ መልኳን አትዩ፣ ስትነኳት ድመት ነች። ቅርንጫፎቹ የሚቆረጡበት ሳምንት ሲደርስ የጋሼ አሮጌ ጓንት መዳፉ ላይ ተበልቶ አለቀ። እሱ ችግኙን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ ፌንጣ ተላከች።

እናቷ በዓይን መገመት አትወድም። ክር አመጣችና የወንድሟን መዳፍ ዙሪያውን ለክታ ቋጠረች። በሌላ ክር ደግሞ ረጅሙን ጣቱን ለክታ ቋጠረች።

“ስሚ፣ ፌንጣ። ጓንቱን በእነዚህ ክሮች ለኪው። ወፍራም ቆዳ ይሁን። የእጁን አንጓም አልፎ ይሸፍንለት። ምን አልኩሽ?”

“ክር! ቆዳ! አንጓ!” አለችና በረረች።

ሱቁ ውስጥ በአንድ በኩል ቡናማ የቆዳ ጓንቶች ተሰቅለዋል። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ መልካቸው የተቀቀለ ድንች ልጣጭ። በሌላ በኩል ቢጫ ጓንት አለ፤ ሐምራዊ አበባ የታተመበት ስስ ጨርቅ። ፌንጣ ቢጫውን አጠለቀችው። ልክክ አለ! ጣቶቿን አወዛወዘች። ከቤታቸው ጓሮ ሦስት የራሷ የአበባ ችግኞች ነበሯት፤ በዚህ ጓንት ስትኮተኩታቸው ታያት።

ከዚያ ምን አሰበች መሰላችሁ? “ይሄን ብወስድ ለጋሼ አይገባውም። ካልገባው ደግሞ ‘በይ አንቺ ውሰጂው’ ይለኛል።”

አያችሁልኝ ተንኮሏን? ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ! ዘጠኝ!

“ለማን ነው፣ የኔ ልጅ?” አለች ባለሱቋ።

“ለአጎቴ።”

“የአጎትሽ እጅ ይህን ታክላለች?”

“ትንሽ ሰው ነው።”

“ስንት ዓመቱ ነው?”

“ሃምሳ ሁለት። ግን አላደገም።”

ቢጫውን ገዝታ ወጣች፤ ክሮቹ ኪሷ ውስጥ ተጠቅልለው ቀሩ።

ቤት ደረሰችና “ጋሼ፣ ያንተ ቁጥር አልቋል አሉኝ” አለች።

“በክሩ ለክተሻል?” አለች እናቷ።

“ለክቻለሁ።”

ጋሼ ጓንቱን አገላበጠው። ፌንጣ “ውሰጂው” የምትለዋን ቃል ትጠብቃለች። እሱ ግን ፈገግ አለና “ልጄ መርጣ ያመጣችልኝንማ አልመልስም” አለ።

መጎተት ጀመረ። ጎተተ፣ ጎተተ። አውራ ጣቱ ሲገባ ትንሿ ጣቱ ደጅ ቀረች። ትንሿ ስትገባ አውራ ጣቱ ወጣ። በመጨረሻ አምስቱም ገቡ፤ ግን እንደተጣሉ ጎረቤቶች ተገትረው ቀሩ።

“ይሄ የሕፃን ካልሲ ነው እንጂ ጓንት ነው?” አለች እናቷ።

“ሲሠሩበት ይሰፋል” አለ ጋሼ።

አልሰፋም። ጋሼ በዚያ ጓንት ሦስት ቀን ሠራ። እጁን መጨበጥ አቃተው። ጣቶቹ ደነዘዙ። መቀሱ በየደቂቃው ያመልጠዋል። ፌንጣ አጥር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ታያለች። “ዛሬ አውልቆ ይሰጠኛል” ትላለች። የሰውየው እጅ እየተሰቃየ እሷ ስለ ሐምራዊ አበባ ታስባለች! እኔ እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። እናንተስ?

በሦስተኛው ቀን አንድ ረጅም እሾህ ስሱን ጨርቅ በስቶ የጋሼ ጠቋሚ ጣት መጋጠሚያ ውስጥ ገባ። ማታውን እጁ እንደ ዳቦ ተነፋ። በነጋታው የጤና ጣቢያው ሐኪም እሾሁን አወጣለትና “ጣቱ ዳግመኛ ላይታጠፍ ይችላል። ሁለት ሳምንት እንጠብቅ” አለው።

ጣቱ የማይታጠፍ አትክልተኛ መቀስ አይዝም። መቀስ ካልያዘ ሥራ የለውም። ጋሼ በፋሻ የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም አለ።

ፌንጣስ? እሷም ዝም!

ዝም ያላለችው እናቷ ነች። ሻርፗን ጣል አደረገችና “ያቺን ባለሱቅ ዛሬ አሳያታለሁ!” ብላ ወጣች። ፌንጣ ከኋላ ተከተለች።

እናትየው ሱቁ በር ላይ ሆና ጀመረች። “ለሰው እጅ አታዝኚም? ቁጥሩ ሲያልቅ ‘አልቋል፣ ሂጂ’ አይባልም? ወንድሜን አሽመደመድሽው!”

ገዢዎቹ ሁሉ ዞረው ባለሱቋን አዩ። ምስኪኗ ሴትዮ ወደ ቡናማዎቹ ጓንቶች ጠቆመች። “እኔ? የቡናማው ትልቁ ቁጥር ይኸው ተሰቅሎ፣ እኔ...”

“ለልጄ ግን አልቋል ብለሽ ሸኘሻት! ሌባ!” አለች እናትየው።

ልጆች፣ አሁን አስቡት። አንድ ሰው ቤቱ ቁስሉን ታቅፏል። ሌላዋ ምንም ሳታደርግ ሰው ፊት ትዋረዳለች። ይሄ ሁሉ ለአንድ ቢጫ ጨርቅ!

ፌንጣ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ወጣች።

“እማዬ፣ ተዪያት! እኔ ነኝ! በክሩ አልለካሁም። አላለቀም ነበር። ለራሴ ፈልጌው ነው!”

 እናቷ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። መጀመሪያ ወደ ባለሱቋ ዞረች። “ይቅር በይኝ፣ እህቴ። አፌ ቀደመኝ” አለች። ወደ ፌንጣ ደግሞ “ለጋሼ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ አንድ ቃል አልተነፍስልሽም” አለቻት።

ፌንጣ እያለቀሰች ለጋሼ ሁሉንም ነገረችው። ጋሼ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

“እሾሁ አመመኝ” አላት። “ሦስት ቀን አጥር ላይ ሆነሽ እያየሽኝ ዝም ማለትሽ ግን ከእሾሁ በላይ ጠልቆ ገባ።”

ያን ቀን ፌንጣ ተንበርክካ እግዚአብሔርን “ይቅር በለኝ፤ የጋሼን ጣት ግን እጠፍለት” አለችው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ችግኙን ያጠጣችው እሷ ነች። ያለማንም ቀስቃሽ!

ፋሻው ሲፈታ ሦስቱም ወደ ሱቁ ሄዱ። ባለሱቋ ጋሼን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና “ያላደገው ሰውዬ አንተ ነህ?” አለች። ቡናማውን ትልቅ ጓንት ሰጠችው። እጁ ሳይጎተት ገባ። የጣቶቹ ጫፍ ደረሰ፤ አልተረፈም፣ አላነሰም። የውስጡ ስፌት አልቆረቆረውም። አንጓውንም ሸፈነለት።

“በል ጨብጥ” አለችው ባለሱቋ።

ጋሼ ቀስ ብሎ ጨበጠ። አራቱ ጣቶች ታጠፉ። ጠቋሚው ቆመ።  ጠቋሚው ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ጎበጥ አለ፣ አሁንም ትንሽ... ከዚያ ከወንድሞቹ ጋር ተኛ። ጋሼ ጓንቱን እንዳጠለቀ አንዲት ቀጭን ምስማር ከባንኮኒው ላይ አነሳና ለፌንጣ ሰጣት።

“ያዢልኝ፤ ላላደገ ሰው ከባድ ነች” አላት። እውነቱን ከነገረችው ቀን በኋላ በቀልድ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

ልጆቼ፣ ለሌላ ሰው ዕቃ እንድትመርጡ ስትላኩ ለእሱ የሚመቸውን እንጂ እናንተ የተመኛችሁትን አትምረጡ፤ ካጠፋችሁ ደግሞ ሰው ሳይጎዳ በፊት ቶሎ ተናገሩ።